ጎርፍ ጠባቂው መናፈሻ

በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ኬንት በምትባል ከተማ ሚል ክሪክ የሚሉት ትንሽ ጅረት አለ። ጅረቱ ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ሜዳው በሚገባበት አፍ፣ አንድ ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ሣር የለበሱ የአፈር ቅርጾች ተሠርተዋል፦ ሾጣጣ ጉብታ፣ ቀለበት የሠራ ክምር፣ ውኃ የሚዞረው ክብ መሬት፣ ድልድይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የአፈር ግድብ። ሠሪው ኸርበርት ባየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ኦስትሪያ ተወልዶ፣ በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት ተምሮም አስተምሮም፣ በ1938 ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። የኬንቱ መናፈሻ በ1982 ሲመረቅ ዕድሜው ሰማንያን አልፎ ነበር። ስለ ሰውየው ይህ ይበቃል።

በዚህ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንኖራለን፤ በበጋ ልጆች ይዘን፣ ምንጣፍ አንጥፈን ቦታውን እናውቀዋለን። የማናውቀው ሥራውን ነው። አንድ ቀን ጉብታው አጠገብ ያገኘኋቸው አባት ዙሪያውን ቃኙና፣ «ልጄ፣ ይኼን የሚያህል ቦታ ለሣር ብቻ ይተዋል? ኳስ ሜዳ ቢያደርጉት ምን አለበት?» አሉኝ። «አባባ፣ የቆሙት እኮ ግድብ ውስጥ ነው» አልኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ግድብ ሲባል የምናስበው የተኛ ውኃ ነው፤ ውኃ የሌለበት ግድብ ያላለቀ ወይም የተበላሸ ይመስለናል። ይህ ግድብ ግን ባዶ ካልሆነ አይሠራም።

ነገሩ የሚጀምረው ከበላዩ ካለው ኮረብታ ነው። ዛፍና ለስላሳ አፈር ባለበት ዝናቡ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ብዙው ጅረቱ ዘንድ የሚደርሰው ቀስ ብሎ፣ ከቀናት በኋላ ነው። ኮረብታው ላይ ቤትና መንገድ ሲበዛ ግን ያው ዝናብ ከጣሪያና ከአስፋልት ተጠራርጎ፣ በቱቦ ተሰብስቦ፣ በጥቂት ሰዓት ሸለቆው ውስጥ ይገናኛል። የሰማዩ ዝናብ ሳይጨምር ጅረቱ ያብጣል። ከታች ያለው የኬንት መሀል ከተማ በጎርፍ ይቸገር የነበረው በዚህ ነው።

ስለዚህ የግድቡ ሥራ ውኃውን ማቆየት ነው። በአዘቦት ቀን ጅረቱ በግድቡ መውጫ በኩል እንደልቡ ያልፋል። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የሚመጣው ውኃ መውጫው ከሚያሳልፈው ይበልጣል፤ ትርፉ ወደ ኋላ ይመለስና በጉብታዎቹ መካከል ይተኛል። ዝናቡ ሲያባራ ያው መውጫ በልኩ እያሳለፈ ያራግፈዋል፤ ሣሩም ይገለጣል። አስቀድሞ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ለጎርፉ የሚሆን ቦታ ከየት ይገኝ ነበር? እኚያ አባት ያዘኑለት ባዶ ቦታ ከተማዋ ለክፉ ቀን ያዘጋጀችው ጎተራ ነው።

የዚህ አገር የጎርፍ ማቆያ በአብዛኛው በሽቦ የታጠረ ጉድጓድ ነው፤ በየአፓርታማው ጀርባ ታዩታላችሁ። ባየር ያንኑ የመሐንዲስ ሥራ አጥሩን አንሥቶ ሰው የሚሄድበት፣ ልጅ የሚሮጥበት ቅርጽ አደረገው። ሐሳቡ የተወለደው የኪንግ ካውንቲ የኪነ ጥበብ ኮሚሽን በ1979 የተጎዳ መሬትን በቅርጻ ቅርጽ ስለማዳን ባዘጋጀው ጉባኤ ነው። በዚያው ዓመት ቀራፂው ሮበርት ሞሪስ እዚያው አቅራቢያ አንድ የተተወ የጠጠር ጉድጓድ በእርከን ሠርቶ ነበር፤ አርቲስቶች መሬት አጥፍተው ለሚሄዱ ድርጅቶች ማስዋቢያ እንዳይሆኑም አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን እቀበላለሁ፤ የባየርን ሥራ አብልጬ የምወደውም ለዚሁ ነው፤ ጉዳቱን ሳይሸፍን በየክረምቱ ይሸከመዋል።

ታዲያ አያያዛችን ያሳዝናል። የግድቡን አፈር የያዘው የሣሩ ሥር ነው። በረጠበ ቀን ሽቅብ በብስክሌት መውጣት፣ በካርቶን መንሸራተት ሣሩን ይቀደዋል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ያን ጭረት ይዞ ቦይ ያወጣበታል። የበላንበት ሳህንና ፌስታልም ውኃው ወስዶ የሚለጥፈው መውጫው ላይ ነው፤ መውጫው ከተዘጋ ደግሞ ያ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁን ተቆጡ፤ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ።

ግድቡ መጀመሪያ የታሰበው በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ ከ100 አንድ ለሆነ ጎርፍ ነበር። ኋላ የግድብ ደኅንነት ደንብ ጠበቀና ከ10,000 አንድ የሚሆነውን እንዲችል ተጠየቀ። ግድቡን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ሌሎቹ ቅርጾች ግን አልተነኩም። በ2008 ቦታው በቅርስነት ተመዝግቧል።

ልታዩት ከፈለጋችሁ የበጋውን ሽርሽር ተዉትና ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ብርቱ ዝናብ ገና ሲያባራ ሂዱ። ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ፤ ከፍ ካለው ዳር ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ወደ ታች አትውረዱ።