በአንዱ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ በሌላው የሚቋረጥ፦ ባለብዙ ክር ፕሮግራሞችና የቋንቋ ቆጠራ ተአማኒነት

1. መግቢያ

መፋዛ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ የድንበር ቀጣና ዓረብኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሐውሳና ቤጃ በገበያና በእርሻ ቦታ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን በግዛቱ በሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ከሠፈሩ ወዲህ ይህ ግንኙነት ይበልጥ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ የመስክ ሥራን አዳጋች አድርጎታል። ከእንዲህ ያለ ስፍራ የተገኘ የንግግር ቅጂ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በመሆኑም ቅጂውን የሚቆጥረውና የሚተነትነው ፕሮግራም ትክክለኛነት የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የሥነ ልሳን ተመራማሪም ጉዳይ ነው።

አንድ ተመራማሪ ከዚህ አካባቢ የተቀዳ ንግግር ወደ ጽሑፍ ገልብጦ ቃላቱን በባለብዙ ክር ፕሮግራም ያስቆጥራል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ፕሮግራሙ በላፕቶፑ ላይ ያለ እንከን ይሠራል፤ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን አንዳንድ ጊዜ በመካከሉ ይቋረጣል። ተመራማሪውን የሚፈትነው ቀላል መውጫ ሰርቨሩን ወቅሶ ወደ ላፕቶፑ መመለስና በዚያ የተገኘውን ቁጥር ማሳተም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ግን መውጫው የማያዛልቅ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ስሕተቱን አልፈጠረም፤ አጋለጠው እንጂ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ ያወጣው ቁጥርም አብሮ ሊመረመር ይገባል።

2. ክርና ሽሚያ

ባለብዙ ክር ፕሮግራም ሥራውን ጎን ለጎን ለሚሄዱ የአፈጻጸም መሥመሮች ያከፋፍላል። እያንዳንዱ መሥመር «ክር» ይባላል። ክሮቹ የየራሳቸውን መንገድ ይከተሉ እንጂ የሚጽፉትና የሚያነቡት ከአንድ የጋራ ሜሞሪ ነው። ችግሩ የሚመነጨውም ከዚህ ጋራነት ነው።

ነገሩን በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ መመሰል ይቻላል። አንድ መዝገብ ለሁለት ጸሐፊዎች ተሰጥቷል፤ በመዝገቡ ላይ 40 ጆንያ ተጽፏል። አንደኛው ጸሐፊ 40 የሚለውን አንብቦ አዲስ የገባውን ጆንያ በልቡ ሲደምር፣ ሁለተኛውም ያንኑ 40 ያነባል። ሁለቱም በየፊናቸው አንድ ጨምረው 41 ብለው ይጽፋሉ። የገቡት ጆንያዎች ሁለት ሲሆኑ የተመዘገበው አንድ ብቻ ነው። የሰረቀ የለም፤ በስሌት የተሳሳተም የለም። የጎደለው ተራ መጠበቅ ነው። በኮምፒውተርም «አንድ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ በአብዛኛው ማንበብ፣ መደመርና መጻፍ የተባሉ ሦስት እርምጃዎች አሉት። በእርምጃዎቹ መካከል ሌላ ክር ሲገባ የሚፈጠረውን ሁኔታ እዚህ «ሽሚያ» ብሎ መጥራት ተገቢ ይሆናል።

ሽሚያ በቃላት ቆጠራ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። በዚፍ ሕግ እንደሚታወቀው ጥቂት ቃላት እጅግ ይደጋገማሉ፤ ብዙዎቹ ግን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይገኛሉ። ሁለት ክሮች በአንድ ቆጣሪ ላይ የመገናኘት ዕድላቸው የሚበዛው በተደጋጋሚ ቃላት ዘንድ ነው፤ ስለዚህ የእነዚህ ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። ብርቅ ቃላት ደግሞ አደጋው የሚገጥማቸው ወደ ሰንጠረዡ መጀመሪያ በሚገቡበት ቅጽበት ነው። ሁለት አዳዲስ ቃላት በአንድ ጊዜ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ሊሽረው ይችላል። ሰንጠረዡ ሞልቶ ወደ ሰፊ ቦታ ሲዛወርም አንዱ ክር አሮጌውን ቦታ ለስርዓተ ክወናው ሲመልስ፣ ሌላው አሁንም ከዚያው እያነበበ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ መቋረጥ በብዛት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ከሁለቱ የሚከፋው ግን መቋረጡ አይደለም። የተቋረጠ ፕሮግራም መበላሸቱን ራሱ ይናገራል፤ ያልተቋረጠው የተሳሳተ ቁጥር በንጹሕ ሰንጠረዥ አሰናድቶ ያቀርባል። የምዕላድን ምርታማነት በሐራልድ ባየን ዘዴ የሚለካ ጥናት፣ ምዕላዱን ከያዙት ቃላት አንዴ ብቻ የተገኙትን ብዛት ለምዕላዱ ጠቅላላ ድግግሞሽ ያካፍላል። ሽሚያ አካፋዩንም ተካፋዩንም ያዛባል። የጽሑፍ ክምችታቸው አነስተኛ በሆነ ቋንቋዎች፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር በሚነገረው ጉሙዝኛ፣ የጥቂት ቃላት መጉደል መደምደሚያን እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል።

3. ኮምፒውተሮች ስለ ምን ይለያያሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት የኮሮች ብዛት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የክሮቻቸውን ቁጥር በፕሮሰሰሩ ኮሮች ልክ ይወስናሉ። 4 ክሮች ሊሻሙ የሚችሉባቸው ጥንዶች 6 ናቸው፤ 64 ክሮች ግን 2016 ጥንድ ይፈጥራሉ። በላፕቶፕ ላይ በወር አንዴ የማይታይ ግጭት በሰርቨር ላይ የየሰዓቱ ክስተት ሊሆን ይችላል። የሜሞሪ ፍላጎትም አብሮ ያድጋል። እያንዳንዱ ክር 200 ሜጋባይት መዝገበ ቃላት ለራሱ የሚጭን ከሆነ፣ 4 ክሮች 800 ሜጋባይት ሲፈልጉ 64ቱ 12,800 ሜጋባይት ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የሜሞሪ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ክር መጀመሪያ የቃሉን ትንተና፣ ቀጥሎ «ዝግጁ» የሚል ምልክት ይጽፋል። በኢንቴልና በኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች ሌሎች ኮሮች ሁለቱን ጽሑፎች በተጻፉበት ተራ ያያሉ። በአርም ፕሮሰሰሮች ግን ፕሮግራሙ ቅደም ተከተሉን በግልጽ ካላዘዘ፣ ሌላው ክር ምልክቱን ከትንተናው አስቀድሞ ሊያይ ይችላል። አፕል ከኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን ወደ አርም ማዛወሩ ይህን ልዩነት ወደ ብዙ ተመራማሪዎች ጠረጴዛ አምጥቶታል። «ገና» የሚለው ቃል በፊደል አንድ ሆኖ ሳለ፣ «ና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜውን ያመለክታል። የፕሮግራም ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ ያልተጻፈውን ነገር እያንዳንዱ ማሽን በራሱ ደንብ ያነበዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ለእያንዳንዱ ክር የሚመደበው ስታክ የተባለ የሥራ ቦታ ስፋት ነው። ስፋቱ በተለመደው ሊኑክስ 8 ሜጋባይት፣ በዊንዶውስ 1 ሜጋባይት፣ በማክ ከዋናው ክር ውጪ ላሉት 512 ኪሎባይት ነው። መስል የተባለውን ላይብረሪ በሚጠቀሙ የሊኑክስ ዓይነቶች ደግሞ ወደ 128 ኪሎባይት ይወርዳል። አራት ነጥብ ያልገባበትን ረጅም የቃል ትረካ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጥሮ ራሱን እየጠራ የሚተነትን ፕሮግራም በአንዱ ሲያልፍ በሌላው ይወድቃል። ይህ ውድቀት ሽሚያ አይደለም፤ ሆኖም በቀላሉ ሽሚያ ይመስላል።

አራተኛው ምክንያት የላይብረሪ ልዩነት ነው። በሲ ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ቃላት የሚቆራርጠው ስትርቶክ የተባለው ተግባር የደረሰበትን ቦታ በውስጡ ያስታውሳል። የማይክሮሶፍት ላይብረሪ ይህን ማስታወሻ ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻ ሲይዝ፣ የሊኑክሱ ጂሊብሲ ለሁሉም አንድ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ ለዓመታት በደኅና የሠራ ቃል ቆራጭ በሊኑክስ ላይ የአንዱን ክር ጽሑፍ ከሌላው ጋር ሊያምታታ ይችላል።

4. አንድ የቆየ ምስክር

ማሽን ስሕተትን ሊሸሽግ መቻሉ በግልጽ የታየው በሕክምና መሣሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ 6 ሕሙማንን ከልክ ላለፈ ጨረር አጋለጠ፤ ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች መካከል የተፈጠረ ሽሚያ ሲሆን፣ የሚከሠተውም ልምድ ያለው ኦፐሬተር ያስገባውን መረጃ በፍጥነት ሲያርም ነበር። በቴክሳስ የአንድ ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ከኦፐሬተሯ ጋር ሆኖ ያንኑ የአጻጻፍ ፍጥነት ደጋግሞ በመሞከር ስሕተቱን እንደገና ሊያሳይ ችሏል። በኋላ በተደረገው ምርመራ ያው ስሕተት በቀደመው መሣሪያ በቴራክ-20 ሶፍትዌርም መኖሩ ታወቀ። በዚያ ግን ከሶፍትዌሩ ተነጥለው የሚሠሩ መከላከያዎች ጨረሩን ስለሚገቱት ጉዳት አልደረሰም። የአሮጌው መሣሪያ ደኅንነት ለሶፍትዌሩ ትክክለኛነት ማስረጃ ተደርጎ መወሰዱ ዋጋ አስከፍሏል።

5. የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ለሥነ ልሳን ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። «መጣ» እና «መታ» በአንድ ድምፅ ብቻ በመለያየታቸው የ«ጥ» እና የ«ት»ን ልዩነት እንደሚያስረዱ ሁሉ፣ በፕሮግራም ምርመራም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል።

በቅድሚያ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ የሚተወው ቁጥር ይመዘገባል። በሊኑክስ 139 ያልተፈቀደ የሜሞሪ ቦታ መንካትን፣ 134 ፕሮግራሙ ራሱን ማቋረጡን፣ 137 ከውጭ በግድ መዘጋቱን ያመለክታል፤ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሜሞሪ ማለቅ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ በአንድ ዓይነት ግብአት፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ደጋግሞ ይሞከራል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚታይ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ሽሚያ አይደለም። ለምሳሌ ሁለት ነጥብ «፡» በዩቲኤፍ-8 የሚጻፈው 225፣ 141 እና 161 በተባሉ ሦስት ባይቶች ነው። «ሰ» ደግሞ 225፣ 136 እና 176 ነው። ስትርቶክ «፡»ን እንደ መለያ ሲሰጡት ሦስቱን ባይቶች ለየብቻ መለያ ስለሚያደርጋቸው፣ በ225 የሚጀምረውን «ሰ»ንም ይቆርጠዋል። ይህ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በአንድ ክርም ቢሆን ይከሠታል።

ሦስተኛ፣ የክሮች ቁጥር ወደ 1 ይወርዳል። መቋረጡ ከቀጠለ ስታክ፣ የሜሞሪ መጠንና የፊደል አያያዝ ይፈተሻሉ። ከቆመ ጥርጣሬው በሽሚያ ወይም በክሮቹ ጠቅላላ የሜሞሪ ፍላጎት ላይ ያርፋል። ከዚያ በሰርቨሩ ላይ እንደ ላፕቶፑ 4 ክር ብቻ በማስኬድ የማሽኑ ውጤት ከክሮቹ ብዛት ይነጠላል።

አራተኛ፣ በመቋረጡ ቅጽበት የተያዘው የሜሞሪ ቅጂ ሲከፈት የሁሉም ክሮች ሁኔታ ይታያል። የወደቀው ክር አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂ እንጂ አጥፊ አይደለም። ለማጣራት ሲባል የማተሚያ ትእዛዝ ወይም የጥበቃ ጊዜ መጨመር አያስተማምንም፤ የክሮቹን ፍጥነት በመለወጥ ስሕተቱን ሊሸሽገው ይችላል። ትሬድሳኒታይዘር የተባለው መሣሪያ ሽሚያን ፕሮግራሙ ሳይቋረጥም ይጠቁማል። ሆኖም ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ስለሚያዘገየውና ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሜሞሪ ስለሚያስፈልገው፣ አቅሙ ውሱን በሆነ ላፕቶፕ ላይ በተመረጠ የጽሑፍ ቅንጫቢ መጠቀም ይሻላል።

በፓይተን የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ቋንቋው በተለመደው አሠራሩ በአንድ ጊዜ ለአንድ ክር ብቻ ዕድል በመስጠት ብዙ ስሕተቶችን ሸፍኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው 3.13 ግን ይህን ገደብ በሙከራ ደረጃ የሚያነሣ አማራጭ ይዟል።

6. እርማትና ማረጋገጫ

የተለመደው እርማት የጋራውን ሰንጠረዥ በቁልፍ መጠበቅ ነው፦ ቁልፉን የያዘ ክር ይጽፋል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ቁልፎቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ክሮች በአንድ ቅደም ተከተል ሊይዟቸው ይገባል፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን እየጠበቀ ሁሉም ቆመው ይቀራሉ። ለቃላት ቆጠራ ግን የሚመረጠው ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ሰንጠረዥ ሰጥቶ በመጨረሻ በአንድ ክር መደመር ነው። በገበያው ምሳሌ ለሁለቱ ጸሐፊዎች ሁለት መዝገብ ሰጥቶ ማታ ላይ ማጠቃለል ማለት ነው። ሜሞሪ ሲያጥር ደግሞ የክሮቹ ቁጥር ይቀነሳል።

ማረጋገጫው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በድግግሞሽ ዝርዝሩ ያሉት ቁጥሮች ድምር ለየብቻ ከተቆጠረው የቃላት ጠቅላላ ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት። የአንድ ክር ውጤትና የብዙ ክሮች ውጤትም ቃል በቃል መመሳሰል ይገባቸዋል። አንድ ቃል እንኳ ከጎደለ ሰንጠረዡ አይታተምም።

በመስክ ሥራ አንድ ተናጋሪ የተቀበለውን አባባል ሌላው ሲጥለው፣ ተመራማሪው ሁለተኛውን ከጥናቱ አያስወጣም፤ ልዩነቱ የሚነግረውን ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ለተቋረጠበት ኮምፒውተርም ተመሳሳይ ጥያቄ ይገባዋል። ተመልሶ ሊቀዳ የማይችል ንግግር በእጁ ላለ ተመራማሪ፣ የተቋረጠው ሥራ ያልተቋረጠው የደበቀውን ሊነግረው ይችላል።