እሳት የጫረች እንግዳ

ንፋስ መውጫ በላይ ጋይንት ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ ብርዷ ጽኑ ነው፤ ነፋሷንም ስሟ ይመሰክራል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በዚህች ከተማ ያልፋል። በመንገዱም አስተማሪ፥ ሐኪም፥ ነጋዴ ይመጣል። ከባሕር ማዶ የመጣች ሴት ብትሆንስ? ቋንቋውን ሳታውቅ፥ ዘመድም ሳይኖራት፥ ካገሩ ሴቶች ጋራ እንዴት ትወዳጃለች? ልጆች ሆይ፥ ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ነገር ነው።

በቀድሞ ዘመን፥ ክብሪት እንደ ልብ ሳይገኝ፥ በቤቷ እሳት የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ወደ ጎረቤቷ ትሄድ ነበር። ይህም እሳት መጫር ይባላል። ጎረቤቲቱ ከምድጃዋ ፍም ትሰጣታለች፤ ፍሙም እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ይጫወታሉ፤ የታመመ ልጅ ቢኖር ይጠያየቃሉ። እሳት ልትጭር የሄደች ሴት ብዙ ጊዜ ቆይታ ትመለስ ነበር፤ የቆየችበትንም ምክንያት ማንም አይጠይቃትም።

ከሩቅ አገር የመጣችው እንግዳ ግን የሚያስፈልጋትን ሁሉ በሣጥን ይዛ ትመጣለች። ክብሪትም፥ የታሸገ ምግብም፥ መድኃኒትም አላት። ከማንም ምንም አትለምንም፤ ሰውን አለማስቸገር ጨዋነት ነው ብላ ታስባለችና። ጎረቤቶቿ በሯ ተዘግቶ ባዩ ጊዜ «ይህች ሴት እኛን አትፈልገንም» ይላሉ። እርሷም ማታ ብቻዋን ተቀምጣ «እነዚህ ሴቶች አልወደዱኝም» ትላለች። በመካከላቸው ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወገን ግን ተሳስተዋል።

እንግዲህ አንድ ቀን ክብሪቷ አለቀባት እንበል። አፍራ፥ በምልክት እየተናገረች፥ ወደ ጎረቤቷ ትገባለች። ባለቤቲቱ እሳቱን ትሰጣታለች፤ ነገር ግን ቡና ቀርቧልና አትለቃትም። ቡናው ይታጠባል፤ በብረት ምጣድ ይቆላል፤ ጢሱንም እንዲያሸቱት ምጣዱ በተቀመጡት ፊት ይዞራል። ከዚያ በኋላ በሙቀጫ ተወቅጦ በጀበና ይፈላል፤ የገብስ ቆሎም ይቀርባል። አንዱን ሲኒ ጠጥታ ልትነሣ ብትል አይሆንም፤ የፊተኛው አቦል ነው፥ ሁለተኛው ቶና ነው፥ ሦስተኛው በረካ ነው። ሳይቸኩሉ እስከ በረካ መቀመጥ የወዳጅ ወግ ነው። ባለቤቲቱም «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች ታጎርሳታለች። እንግዳይቱ የቃሉን ፍች ከሰው ጠይቃ በሰማች ጊዜ ትደነግጣለች፤ ስለ አንድ ጉርሻ ሞትን መጥራት ምንድር ነው? በውነቱ ግን ይህ ያገራችን ብርቱ ልመና ነው።

ውለታውን ለመመለስ እንግዳይቱ ቅቤ የበዛበት ዳቦ ጋግራ ትወስዳለች፤ ቀኑም ዓርብ ነው። ባለቤቲቱ ጾመኛ ስለ ሆነች አትቀምሰውም፤ ቢሆንም በሁለት እጇ ተቀብላ ታስቀምጠዋለች እንጂ አታሳፍራትም። በማግስቱ ሣሕኑ ይመለሳል፤ ነገር ግን የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ድንች ተሞልቶ ይመለሳል። እንግዳይቱም የጾሙን ቀን ማን ያስተምረኛል ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ወዲህ ሣሕኑ ሲመላለስ ይኖራል።

በመጀመሪያ ሴቶቹ «ይግቡ፥ ይቀመጡ» ይሏት ነበር። ከጎረቤቶቿ አንዲቱ በወለደች ጊዜ ግን «ነይ፥ ገንፎ ቅመሺ» ብለው ይጠሯታል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የወረደ ሰው የተዋረደ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲህ ባለ ቤት ይህ ሹመት ነው። ለቅሶም በሆነ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከነርሱ ጋራ ትቀመጣለች።

እንዲህ ያለ ወዳጅነት ባገራችን በርግጥ ተደርጓል። ካትሪን ሐምሊን የምትባል ሐኪም በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራልያ ከባሏ ጋራ ወደ አዲስ አበባ መጣች። የመጣችው ለሦስት ዓመት ሥራ ነበር፤ ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ በዚሁ ኖረች። በወሊድ ከተጎዱትና ካከመቻቸው ሴቶች አንዲቱ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። ማሚቱ ያን ጊዜ ማንበብ አታውቅም ነበር። ከዳነች በኋላ በሆስፒታሉ ቀርታ አልጋ ስታነጥፍ፥ ሐኪሞቹን ስትረዳ፥ እጀ ብልህነቷን አይተው ቀዶ ሕክምና አስተማሯት። በኋላም ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች ሥራውን ከርሷ ተማሩ። ካትሪን ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው ልትረዳ ነው፤ የማሚቱን እርዳታ መቀበሏን ግን እኔ ከሥራዋ ሁሉ አላሳንሰውም።

ዛሬ ደግሞ ካማራ አገር ብዙ ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። በዚያ እንግዶቹ እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ በአሠሪዎቻቸው ቤት ስለሚያድሩ፥ ቢፈልጉ እንኳ ከጎረቤት እሳት መጫር አይቻላቸውም። ከናንተ መካከል እኅቱ በዚያ ያለች ልጅ ቢኖር፥ በስልክ በተገናኙ ጊዜ ስለ ገንዘቡ ከመጠየቁ በፊት፥ ቡና ከማን ጋራ እንደምትጠጣ ይጠይቃት።