ከወር ክፍያ በላይ የምትጨመር ትንሽ ብር

ኩርሙክ ውስጥ ቤት በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብና በጉልበት ነው የሚቆመው። ቀርቀሃው ከአካባቢው ይቆረጣል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቆርቆሮና ሚስማሩ ከአሶሳ በመኪና ይመጣል። ወርቅ ቀንቶት የወጣ ሰው አንድ ክፍል ይጨምራል፤ ካልቀናው ግድግዳው ባለበት ይከርማል። የባንክ የቤት ብድር እዚህ የገበያ ወሬ አይደለም። ይሁንና ከሱዳን ጋር በምትዋሰነው በዚች ሞቃት ከተማ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ጥቂት አይደለም፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ አሁን ደግሞ መቀመጫውን ቶሮንቶ ያደረገው አላይድ ጎልድ በሚያለማው የኩርሙክ ወርቅ ፕሮጀክት የተቀጠረው ባለሙያ። ከቤተሰቡ ርቆ ተመድቦ የሚሠራ ሰው አሶሳ ወይም አዲስ አበባ ያለ ቤቱን ዕዳ እየከፈለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕዳ ሁሉም የሚያውቀው የወር ክፍያውን ነው። ከወር ክፍያው በላይ በየጊዜው ትንሽ ብር ቢጨመር ምን እንደሚሆን ግን ባንኩ ራሱ አስረድቶት የሚያውቅ ተበዳሪ ብዙ አላገኘሁም፤ ያሳስበኛል።

መነሻው የወር ክፍያው አሠራር ነው። ተበዳሪው በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ እኩል ቢሆንም በውስጡ ያለው ድርሻ በየወሩ ይለያያል። ባንኩ አስቀድሞ የሚወስደው ባለፈው ወር በቀረው ዕዳ ላይ የተቆጠረውን ወለድ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ብቻ ከዋናው ብድር ይቀነሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከፊል ክፍያ አስቀድሞ ለወጪና ለወለድ፣ ቀጥሎ ለዋናው ገንዘብ እንዲታሰብ ያደርጋል።

በቁጥር እንየው። 300,000 ብር፣ በዓመት 9.5 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ብድር እንውሰድ። የወር ክፍያው 2,796 ብር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 2,375 ብሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን ብድር የሚነካው 421 ብር ብቻ። ተበዳሪው አንድም ወር ሳያጓድል 5 ዓመት ቢከፍል ከኪሱ የወጣው ወደ 168 ሺህ ብር ይጠጋል፤ ዋናው ብድር የቀነሰው ግን በ32 ሺህ ብር ብቻ ነው። ከወር ክፍያው ግማሹ ለዋናው ብድር መዋል የሚጀምረው ከ12 ዓመት በላይ ከተከፈለ በኋላ ነው። ስቴትመንቱን አውጥቶ የቀሪ ዕዳውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በጣቱ የሚከተል ሰው ቁጥሩ ንቅንቅ የማይል ቢመስለው አይፈረድበትም።

የተጨማሪ ብር ጉልበትም ከዚሁ አሠራር ይመጣል። የወሩ ወለድ በመደበኛው ክፍያ ተሸፍኗልና ከዚያ በላይ የሚገባው ሳንቲም ሁሉ በቀጥታ ዋናውን ብድር ይቀንሳል። የተቀነሰው ዋና ብድር ደግሞ በቀሩት ዓመታት በሙሉ ወለድ አይወልድም። በዚያው ምሳሌ ላይ በየወሩ 300 ብር ብቻ ቢጨመር ብድሩ በ20 ዓመት ፋንታ በ15 ዓመት ከ5 ወር ያልቃል፤ ለባንክ ሊከፈል ከነበረው ወለድም ወደ 99 ሺህ ብር ይቀራል። የተጨመረው ገንዘብ ጠቅላላ ድምር ግን 55 ሺህ ብር ገደማ ነው።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ያው ምሳሌ እንዳለ ሆኖ፣ በብድሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ የተጨመረ 1,000 ብር እስከ መጨረሻው ወደ 5,600 ብር ወለድ ያስቀራል። ያው 1,000 ብር በ15ኛው ዓመት ማብቂያ ቢጨመር የሚያስቀረው 600 ብር ያህል ነው። ስለዚህ «ደመወዜ ሲያድግ በአንድ ጊዜ እጨምራለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ 200 ብር ከሚጨምረው ጎረቤቱ ሊበለጥ ይችላል።

ይህ ስሌት ግን በራሱ አይሠራም፤ እጅግ የሚቆጨኝም እዚህ ላይ ነው። ተበዳሪው ከወር ክፍያው በላይ ገንዘብ ሲያስገባ ባንኩ ከሦስት ነገር አንዱን ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው ትርፉን ለሚቀጥለው ወር እንደ ቅድሚያ ክፍያ ይዞ ማቆየት ነው፤ ያን ጊዜ ዋናው ብድር አልተነካምና ጥቅሙ ከንቱ ነው። ሁለተኛው ዋናውን ብድር ቀንሶ የወር ክፍያውን እንደገና አስልቶ ማሳነስ ነው፤ ወር በወር ፋታ ይሰጣል፣ ዘመኑ ግን ያው 20 ዓመት ይሆናል፣ ከወለድ የሚድነው ገንዘብም ያንሳል። ሦስተኛው ዋናውን ብድር ቀንሶ የወር ክፍያውን ባለበት መተው ነው። ዘመኑን የሚያሳጥረው፣ የጻፍኳቸውም ቁጥሮች የሚመጡት በዚህኛው ብቻ ነው። በመሆኑም በገቢ ማድረጊያው ቅጽ ላይ፣ በሞባይል ከሆነም በምክንያት መጻፊያው ቦታ፣ «ለዋና ብድር ቅነሳ» ብሎ መጻፍ ይገባል። ያም አይበቃም፤ ለብድር ክፍሉ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ቀሪ ቅጂው ላይ ማኅተም ማስመታት፣ ከወር በኋላም ስቴትመንት ጠይቆ ቀሪ ዕዳው በተጨመረው ልክ መውረዱን ማየት ያስፈልጋል። ውሉንም ደግሞ ማንበብ ነው፤ ብድሩን ከጊዜው በፊት ለሚዘጋ ሰው ክፍያ የሚጥሉ ውሎች አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ላይ ልጨምር። ለዋና ብድር የገባ ተጨማሪ ገንዘብ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ አያስቀርም። «ባለፈው ወር አብዝቼ ከፍያለሁ» ብሎ የዚህን ወር የሚዘል ሰው በባንኩ መዝገብ ውዝፍ አለበት። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንኮች ዕዳው ካልተከፈለ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን የሰጠ ሕግ ነው።

ለመሆኑ ሁሉም የቤት ዕዳ ቶሎ መከፈል አለበት? ብድሩ የየትኛው ዘመን፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ካልታወቀ መልስ የለውም። የቤት ብድር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን የነበሩ ሁለት የቁጠባና የቤት ብድር ድርጅቶች በ1968 ዓ.ም. ተዋህደው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1987 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ ብዙ የከተማ ቤተሰብ የሚያውቀው የቤት ዕዳ ግን የኮንዶሚኒየም ነው፤ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ የሚጠራው፣ የመጀመሪያውን ድርሻ ቆጥበው ቀሪውን ከንግድ ባንክ ተበድረው የሚከፍሉት። ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክም በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በድሮ ወለድ የተያዘ የኮንዶሚኒየም ዕዳና ዛሬ ከግል ባንክ በውድ ወለድ የተወሰደ ብድር በአንድ ዓይን አይታዩም።

ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው። በ2014 ዓ.ም. አገራዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዕቃ በዚህ ፍጥነት ሲወደድ በ9.5 በመቶ የተያዘ ዕዳ በእውነተኛ ዋጋው ከዓመት ዓመት ይቀላል፤ ተጨማሪ 300 ብሩን ዋጋውን በሚጠብቅ ነገር ላይ ያዋለ ሰው በስሌት ሊበልጥ ይችላል። ኩርሙክ ላይ ያ ነገር ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ግራም ወርቅ በትንሿ ሚዛን ላይ ሲመዘን ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሳልናገር ቶሎ ክፈሉ ብል አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ነገር ግን ትርፍ ብሩ ወርቅም ሆነ ከብት ሳይሆን በቁጠባ ደብተር የሚተኛ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፤ 9.5 በመቶ ዕዳ ተሸክሞ 7 በመቶ የሚያስገኝ ደብተር ማሳበጥ በየዓመቱ መክሰር ነው። የብድሩ ወለድ ከዚያም ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ፣ ርካሽ የድሮ ብድር ያለውና ገንዘቡን በደህና ነገር ላይ ማዋል የሚችል ሰው ቢዘገይ አልወቅሰውም፤ ብሩ እጁ ላይ የማይቆይለት ግን ቤቱ ላይ ቢጥለው ይሻለዋል።

ገቢው ወጣ ገባ ለሆነ ቤተሰብ የሚመቸው አካሄድ ከደመወዝተኛው ይለያል። ወርቅ የሚያጥብ፣ ወይም ደመወዝ ካለው የትዳር ጓደኛው ጋር በድንበር ንግድ የሚኖር ሰው በየወሩ ትልቅ ጭማሪ ለመክፈል ቃል ባይገባ ይመረጣል። ትንሽ፣ መቼም የማትጎድል ጭማሪ ወስኖ ደመወዝ በገባ ቀን በቋሚ ትዕዛዝ እንድትቆረጥ ማድረግ፣ ዕቁብ ሲደርስ ወይም ወርቅ ሲቀና ደግሞ ዳጎስ ያለ ነገር መጨመር ነው። በአሜሪካ የወር ክፍያቸውን ለሁለት ከፍለው በየ15 ቀኑ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ የሚከፍሉ አሉ፤ በዓመት 26 ግማሽ ክፍያ ስለሚወጣ ሳይታወቃቸው 13ኛ ወር ይከፍላሉ። ባለ 13 ወር የሆነው የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በምሳሌያችን ላይ በዓመት አንድ ተጨማሪ ሙሉ የወር ክፍያ ብድሩን በ3 ዓመት ከ8 ወር ያህል ያሳጥረዋል። ጳጉሜን ላይ ግን አልመክርም፤ የዘመን መለወጫውና የትምህርት ቤቱ ወጪ ተደራርቦ ይመጣል። የዕቁቡ ወይም የቦነሱ ሰሞን ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን እጅ ላይ የሚቆይ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለዋና ብድር የገባ ብር ሲቸግር ተመልሶ አይወጣም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ኩርሙክ የስደተኞች መግቢያ ሆነች፤ በወለጋ በኩል ያለው የአሶሳ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ደግሞ ዕቃ የሚወደደው እዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ቤተሰብ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪውንና የሦስት ወር የቤት ክፍያውን ለብቻው ሳያስቀምጥ ለባንክ አንድ ብር ማስቀደም የለበትም።

እስካሁን ያልኩት ወለድ ላለው ብድር ነው። የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በኩርሙክና በአሶሳ ዙሪያ ወለድ የማይነካው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለእሱ ስሌቱ ይለወጣል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ተፈቅደው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሙራባሃ ውል ባንኩ ቤቱን ወይም የግንባታ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ጠቅላላ ዋጋው የሚቆረጠው በውሉ ዕለት ነው። ደንበኛው ቢዘገይ ዕዳው አያድግም፤ ቶሎ ቢከፍልም በራሱ ጊዜ አይቀንስም። ሊቀንስ የሚችለው ባንኩ ከትርፉ ላይ ኢብራ፣ ማለትም ምሕረት፣ ካደረገ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ማዕከላዊ ባንኩ ባንኮች ይህን ቅናሽ በውላቸው እንዲያስገቡ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት «ቶሎ ብዘጋ ምን ያህል ይቀነስልኛል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ አለበት። እየቀነሰ በሚሄድ ሙሻረካ ግን ደንበኛውና ባንኩ ቤቱን በጋራ ይይዛሉ፤ ደንበኛው የባንኩን ድርሻ እየገዛ ለቀረው ድርሻ ኪራይ ይከፍላል። እዚህ ላይ ድርሻ አብዝቶ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ኪራይ ያንሳል፤ የትንሿ ጭማሪ ጥቅም በሌላ በር ይመለሳል ማለት ነው።

የመጨረሻዋ ክፍያ ከገባች በኋላም ሥራ ይቀራል። ብድሩ ሲያልቅ ባንኩ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና የያዘውን ካርታ ይመልሳል፤ በመሬት አስተዳደሩ መዝገብ የሰፈረው እገዳ ግን ያ ደብዳቤ ቀርቦ ካልተነሳ ባለበት ይቀመጣል። ይህን ሳያስጨርስ የሄደ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ወይም ለልጆቹ ሊያዛውር ሲነሳ በመዝገቡ ላይ ዕዳ ያለበት ሆኖ ይገኛል። ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ራሱ ኩርሙክ የሚሠራ ሰው ለቅርብ ዘመዱ ባንኩንና መሬት አስተዳደሩን በስም የሚጠቅስ ውክልና አሶሳ ላይ አስፈርሞ ቢልክ፣ የእገዳ ማንሻው ደብዳቤ ቀሪ ቅጂም ማኅተም ተመትቶበት እንዲመለስለት ቢያደርግ ከብዙ ምልልስ ይድናል።