ሃያ ዓመት ግድም ያልተነቃነቀው 2 ብር ከ7 ሳንቲም
የብርና የዶላር ታሪክ ለነጋዴ የሚነግረው

አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር የነበረበት ዘመን በመርካቶ ዛሬም ይወሳል። ጨዋታውም አብዛኛውን ጊዜ «ያኔ ብር ብር ነበር» ተብሎ ይዘጋል። ይሁንና ያ ተመን በአገር ውስጥ ገበያ የተወለደ አልነበረም። በፈረሰ ጊዜም ሂሳቡ የመጣው ወደ ነጋዴው ነበር።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ለአንድ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይከፈል ነበር። በ1956 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 2 ብር ከ50 ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ የተለወጠው ዶላሩ ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. ዶላርን ከወርቅ አንጻር ስታረክስ ብር የወርቅ መጠኑን ይዞ በመቆየቱ ምንዛሪው 2 ብር ከ30 ሆነ። በየካቲት 1965 ዓ.ም. ዶላር እንደገና በ10 በመቶ ሲወርድ፣ ከ2 ብር ከ30 ላይ 23 ሳንቲም ተነሥቶ 2 ብር ከ7 ቀረ። ተመኑም እዚያው ላይ ተተከለ።

በዙሪያው ግን ያልተለወጠ ነገር አልነበረም። መንግሥት ተቀየረ፣ ጦርነት ተራዘመ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ብራዚልን የመታው ውርጭ የቡናን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ1981 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈርሶ ዋጋው አሽቆለቆለ። 2 ብር ከ7 ለውርጩም ለውድቀቱም አልተንቀሳቀሰም።

የቆመ ተመን፣ የሚሮጥ ዋጋ

ተመኑ ቢቆምም ዋጋው አልቆመም። በ1984 ዓ.ም. በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር 7 ብር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ከባንኩ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የ100 ሺህ ዶላር ቡና በሕጋዊ መንገድ የላከ ነጋዴ በእጁ የሚገባው 207 ሺህ ብር ብቻ ሲሆን፣ ያው ዶላር በጎን 700 ሺህ ብር ያህል ይገመት ነበር። ቡና በኮንትሮባንድ ድንበር ማቋረጡ አያስገርምም። በአንጻሩ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ የተፈቀደለት አስመጪ በ2 ብር ከ7 ገዝቶ በሰባት ብር ስሌት የመሸጥ ዕድል ነበረው። ላኪው ያጣውን ባለፈቃዱ ያገኘው ነበር።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ተመኑን 5 ብር አደረገው። በዚህ ጊዜ ሁለት ስሌቶች ይነሣሉ። ብር ከዋጋው 58.6 በመቶ አጣ ቢባል ትክክል ነው። ዶላር በ141.5 በመቶ ተወደደ ቢባልም ትክክል ነው። ለአስመጪ የሚበጀው ሁለተኛው ስሌት ነው፤ ኪሱን የሚነካው እሱ ነውና። 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ኤል ሲ 207 ሺህ ብር ይጠይቅ የነበረው በአንድ ጊዜ 500 ሺህ ብር ፈለገ። ሁለት ኤል ሲ የሚያስከፍት 414 ሺህ ብር ይዞ ያደረ አስመጪ በማግስቱ አንዱን መሙላት አቃተው።

ይሁንና የሱቅ ዋጋ በዚያው ልክ አልዘለለም። ብዙው ከውጭ የገባ ዕቃ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ስሌት ይሸጥ ነበርና። ክፉኛ የተጎዳው ዕቃውን በአሮጌው ተመን አስልቶ በዱቤ የበተነውና በዶላር ዕዳ የነበረበት ነው።

ከጨረታ ወደ ባንኮች

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ተጀመረ። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ግን በ5 ብር ይስተናገዱ ነበር። ሁለቱ ተመኖች በ1987 ዓ.ም. ማብቂያ ከ6 ብር በላይ ላይ ተዋሐዱ። በ1994 ዓ.ም. ጨረታው ለባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ቦታውን ለቀቀ። ዶላር በዚያን ጊዜ 8 ብር ተኩል ገደማ ነበር፤ ወደ 9 ብር ለመድረስም ስድስት ዓመት ያህል ፈጀበት።

በዝግታ የሚሄደው ተመን ግን በየመካከሉ ይዘላል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ከ13 ብር ከ60 ገደማ ወደ 16 ብር ከ35፣ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከ23 ብር ከ40 ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ተሻገረ። ትልቁ ዝላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመጣው ነው። በዋዜማው 57 ብር ከ48 የነበረው የንግድ ባንክ መግዣ በዕለቱ 74 ብር ከ73 ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባወጣው ልዩ ጨረታ አማካይ ዋጋው 107 ብር ከ90 ደረሰ። በአሥር ቀን ውስጥ ዶላር በ88 በመቶ ገደማ ተወደደ ማለት ነው። ከውሳኔው በፊት በጥቁር ገበያ የዶላር ዋጋ ከ110 ብር በላይ እንደነበር ይታወሳል።

የሁለቱ ዘመናት መልክ ተመሳሳይ ነው። በ1985ም በ2016ም ዝላዩን ቀድሞ የጠቆመው በባንክ መስኮትና በመንገድ መካከል የነበረው ልዩነት ነው። በ1984 ዓ.ም. ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ ሁለት እጥፍ ነበር። ዕለቱን ማንም አያውቀውም፤ አቅጣጫውን ግን ልዩነቱ ይናገራል።

ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ትርፉን የሚያሰላው ዕቃውን በገዛበት ዋጋ ሳይሆን መልሶ በሚያስገባበት ዋጋ ነው። የዱቤ ቀነ ገደቡን ያሳጥራል፤ በዶላር የሚከፈል ዕዳውንም ከዶላር ገቢው ጋር ያመዛዝናል። ተመኑ ጸጥ ባለበት ሰሞን አስቀድሞ መመጠን፣ በማግስቱ ድስት ጥዶ ከማልቀስ ያድናል።