ባለጸጋና ደኻ በአንድ ወንበር
ስለ ቺሌ አገር ትምህርት ቤቶች

ልጁን ለማስተማር የሚያስብ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው መምህሩ ማን ነው ብሎ ነው። ልጄ ከማን ጋራ ይቀመጣል ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው፤ ቢጠይቅም ብዙ ጊዜ ከደኻ ልጅ ጋራ እንዳይቀላቀልበት ሲል ነው። ይህ የአንድ ቤት አሳብ የመላው አገር ልማድ በሆነ ጊዜ የሚያስከትለውን ለማስረዳት፣ የቺሌን አገር ነገር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቺሌ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራና በታላቁ ውቅያኖስ መካከል የተዘረጋች፣ ርዝመቷ 4300 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አገር ናት። በ1920 ማናቸውም ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲማር የሚያስገድድ ሕግ ወጣላት። በ1981 ግን በጄኔራል ፒኖቼት ዘመን ሥርዓቱ ተለወጠ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ ማዘጋጃ ቤቶች እንዲተላለፉ ሆነ፤ መንግሥትም በሚማረው ልጅ ቍጥር ልክ ለማዘጋጃ ቤቱም ለግሉም ትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። አሳቡም ወላጅ የወደደውን ይመርጣል፤ ትምህርት ቤቶችም ተማሪ ለማግኘት ሲሽቀዳደሙ ይሻሻላሉ የሚል ነበር። በ1993 ደግሞ የመንግሥት ርዳታ የሚቀበሉት የግል ትምህርት ቤቶች ከወላጅ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያስከፍሉ በሰፊው ተፈቀደላቸው።

ነገር ግን መራጩ ወላጅ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ትምህርት ቤቱም ወላጁን ይመርጥ ጀመር። ልጁን በፈተና፣ አባትና እናቱን በጥያቄ እየመረመረ የወደደውን ተቀበለ፤ ያልወደደውን መለሰ። ከዚህም የተነሣ ብዙ የሚከፍል ከብዙ ከፋይ ጋራ፣ ጥቂት የሚከፍል ከጥቂት ከፋይ ጋራ፣ ምንም የሌለው ከመሰሉ ጋራ ተሰበሰበ። እጅግ ባለጸጎች የሆኑት ደግሞ ከመቶው ተማሪ ዐሥር እንኳ በማይሞላባቸው፣ ከመንግሥት ርዳታ በማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ለብቻ አስተማሩ።

በ2006 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየከተማው ተነሥተው ይህን ተቃወሙ። በ2008 ለደኻ ልጆች ተጨማሪ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ወጣ። በ2015 ደግሞ በፕሬዚዳንት ሚሼል ባቼሌት ዘመን የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ትርፍ መውሰድን፣ ልጅን መርጦ መቀበልንና ከወላጅ ማስከፈልን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ ታወጀ። ቦታ ሲያንስ፣ ወንድም ወይም እኅት በዚያው የሚማሩለትንና ሌሎች ቅድሚያ ያላቸውን ከለየ በኋላ፣ የቀረውን ዕጣ እንዲወስነው አደረገ።

ሕጉ በአንድ ቀን በመላው አገር አልተተከለም። በ2016 በደቡብ ጫፍ ባለችው በማጋላኔስ ክፍል ተጀመረ፤ በየዓመቱ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች እየሰፋ በ2019 በመጨረሻ ዋናው ከተማ ሳንቲያጎ ደረሰ። የማጋላኔስ ከተማ ፑንታ አሬናስ፣ በ1945 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበሉት ባለቅኔ ወይዘሪት ገብርኤላ ሚስትራል ከ1918 ጀምሮ የሴቶች ትምህርት ቤት ያስተዳደሩበት ነው። እርሳቸውም ከደኻ ቤት ወጥተው ገና በልጅነታቸው በገጠር ረዳት አስተማሪ የነበሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ ዕጣ ብቻውን ሁሉን አልፈወሰም። በሳንቲያጎ ባለጸጋው በምሥራቅ በቪታኩራ፣ ደኻው በደቡብ በላ ፒንታና ስለሚኖር፣ እናት ልጇን ከሰፈሯ አርቃ ለመስደድ መንገዱና የመጓጓዣው ዋጋ ይከለክላታል። ባለጸጎቹም ትምህርት ቤቶች ከሕጉ ውጭ ቀሩ። በ1813 በተመሠረተው በብሔራዊው ኢንስቲቱት ልጆቻቸውን በፈተና ሊያስገቡ ተስፋ ያደረጉ ወላጆችም፣ ትጉህና ሰነፍ በዕጣ እኩል ሆኑ ብለው አዘኑ፤ ኀዘናቸውም ከንቱ ነው አይባልም። ስለዚህ መለያየቱ አልጠፋም።

በአገራችንም በቀድሞ ዘመን የመኳንንት ልጅ በግቢው በቤት መምህር ሲማር፣ የደኻው ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቍራሽ እየለመነ ይማር ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ከፍለው የሚማሩና በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች በአንድ ጎዳና ያልፋሉ እንጂ በአንድ ወንበር አይቀመጡም።

በችሎት ጸሐፊነት ተቀምጠን ደጋግመን የታዘብነው ነገር አለ። ባላገር ቀርቦ ሲናገር ዳኛው ቃሉን ይሰማል፤ ኑሮውን ካላወቀ ግን ነገሩ አይገባውም። ከእንዲህ ያለው ሰው ልጅ ጋራ በልጅነቱ አብሮ ያጠና፣ አብሮም የተጫወተ ዳኛ ቢሆን፣ ስለ ቀለብና ስለ እርሻ በሬ የሚቀርበውን ክርክር እንደ ትንሽ ነገር አይቈጥረውም ነበር።

ስለዚህ ሥልጣንና ሀብት ያላችሁ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን ልታስገቡ ስትሄዱ የክፍያውን ልክ ብቻ አትጠይቁ። መክፈል ለማይችል ልጅ ስንት ቦታ አላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። የለም ቢሏችሁ እንዲኖር አድርጉ፤ ነገ ልጃችሁ የሚሾመው በዚያ ልጅ ላይ ነውና።