ደንብ ሲበዛ በር ይከፈታል

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ ደባርቅ ከተማ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ይመዘገባል፣ የመግቢያውን ይከፍላል፣ ስካውት የሚባል ጠባቂ ይመደብለታል። አንድ የአገሩ ሰው «ግድ የለም፣ እኔ አውቀዋለሁ» ቢልለትም ደንቡ አይላላለትም። ዳባት ላይ የአንድ ገበሬ ግቢ በር ግን የባለቤቱ ነው፤ ማን ገብቶ ቡና እንደሚጠጣ፣ ማን ከደጅ እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። ኮምፒውተርም የሚጠበቀው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው። ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ከቀዳሚው ከዩኒክስ የወረሰው የፋይል ፈቃድ የግቢው ሕግ ነው፤ የፋይሉ ባለቤት ለራሱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይነሳል። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ሲታለል ነው። በስሙ የሚሠራ ፕሮግራም በሰርጎ ገብ እጅ ከወደቀ፣ ሰርጎ ገቡ ባለቤቱ የሚችለውን ሁሉ ይችላል፤ ባለቤቱ «ሩት» የሚባለው ዋናው አስተዳዳሪ ከሆነ ደግሞ ፊቱ የሚቆም አጥር የለም። የፓርኩን ዓይነት ሕግ ወደ ሊኑክስ ካመጡት አንዱ ኤስኢሊኑክስ ነው።

ኤስኢሊኑክስን የሠራው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሲሆን፣ ለሕዝብ የተለቀቀው በዲሴምበር 2000 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 የሊኑክስ እምብርት የሆነው የከርነሉ አካል ሆነ። አሠራሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ፋይልና እያንዳንዱ የሚሠራ ፕሮግራም መለያ ይለጠፍበታል፤ የትኛው መለያ ከየትኛው መለያ ጋር ምን ማድረግ እንደሚችል ፖሊሲ በሚባል ሰነድ ይጻፋል፤ በፖሊሲው ያልተፈቀደ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ባለቤቱ ቢፈቅድም፣ ፖሊሲው ካልፈቀደ አይሆንም። መለያው አራት ክፍል አለው፤ ተጠቃሚ፣ ሚና፣ ዓይነትና ደረጃ። በዕለት ተዕለት ሥራ ፍርዱን የሚሰጠው ሦስተኛው፣ ማለትም ዓይነቱ ነው። የድረ ገጽ አገልጋዩ ፕሮግራም የራሱ ዓይነት አለው፣ ለሕዝብ የሚታዩት ገጾች የራሳቸው፣ የይለፍ ቃሎች የተከማቹበት ፋይልም የራሱ። አገልጋዩ ገጾቹን እንዲያነብ ተፈቅዷል፤ የይለፍ ቃሉን ፋይል ግን ቢጠለፍም አይነካም።

መለያው ከፋይሉ ጋር መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ዋልያ በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ስለሆነ፣ ከፓርኩ ወሰን ወጥቶ ገብስ ማሳ ዳር ቢቆምም ያው ዋልያ ነው፤ ጥበቃው የተሰጠው ለቆመበት መሬት ሳይሆን ለእሱ ነው። የፋይል መለያም እንደዚሁ ነው። አንድ መምህር የፈተና ውጤት በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ሊያወጣ ነው እንበል። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ በራሱ የቤት ፎልደር አዘጋጅቶ ሲጨርስ ወደ ድረ ገጹ ፎልደር ያዛውረዋል። ሊከፍተው ሲል «አይፈቀድም» የሚል መልስ ይመጣል። የባለቤትነት ፈቃዱ ትክክል ነው፣ ቦታው ትክክል ነው፣ ስሙም ትክክል ነው። የተሳሳተው መለያው ነው፤ የተዛወረ ፋይል የድሮ መለያውን ይዞ ስለሚሄድ፣ ድረ ገጹ ውስጥ ቁጭ ብሎም «የቤት ፋይል ነኝ» ይላል። ከማዛወር ይልቅ ቢቀዳው ኖሮ ቅጂው እዚያው የተወለደ ያህል የአዲሱን ፎልደር መለያ ይወስድ ነበር። መፍትሔው «ሪስቶርኮን» የሚባል አንድ ትእዛዝ ነው፤ የፋይሉን ቦታ አይቶ፣ ደንቡን ጠይቆ፣ ተገቢውን መለያ ይለጥፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ጥበቃውን ጨርሶ ያጠፋና እፎይ ይላል።

የጽሑፌ ነገርም እዚህ ላይ ነው። «ሪስቶርኮን» የሚጠይቀው ደንብ የት አለ? እንደ ፌዶራ ባሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ መስመር «እንዲህ ያለ መንገድ ያለው ፋይል ይህን መለያ ያግኝ» ይላል። መንገዱ፣ ማለትም የፋይሉ ሙሉ አድራሻ፣ የሚጻፈው በቀጥታ ብቻ ሳይሆን ብዙ ስም በአንድ ጊዜ በሚይዝ ንድፍ ጭምር ነው፤ በንድፍ ቋንቋ ደግሞ አንዲት ነጥብ «ማንኛውም ፊደል» ማለት ናት። የደንቡ ጸሐፊ የፋይል ስም ውስጥ ያለችውን ተራ ነጥብ ለማለት ከፈለገ ከፊቷ የኋሊት ዘንባላ መስመር ማስቀደም አለበት። ከረሳ ደንቡ ያላሰበውን ስምም ይይዛል፤ በዚያ ላይ አንድ ፋይል ሁለት ደንብ ሲገጥመው ይበልጥ የተለየው ስለሚያሸንፍ፣ ንድፍ የሆነው ደንብ በቀጥታ በተጻፈው ይረታል። ቅኔ ቤት ሰምም ወርቅም ያለው ቃል ያስመሰግናል፤ ደንብ ውስጥ ግን ያስጠይቃል። እንዲህ ያለ ስሕተት በሃያ መስመር ውስጥ ዓይን ይይዘዋል፤ በሺዎቹ ውስጥ ግን ዓመታት ይደበቃል። ስለዚህ የፋይል መለያ ደንቦችን ማቅለል ጥበቃውን ማላላት ነው የሚለው አስተያየት ነገሩን ይገለብጠዋል። በአግባቡ ከተሠራ ማቅለል ማጥበቅ ነው።

ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። በ2004 የወጣው ፌዶራ ኮር 2 ይዞት የመጣው ፖሊሲ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ለመቆጣጠር የሚሞክር ጥብቅ ፖሊሲ ነበር። የሰዎች የተለመደ ሥራ በየአቅጣጫው ስለተሰናከለ ኤስኢሊኑክስ ጠፍቶ እንዲጫን ተደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው ፌዶራ ኮር 3 ባለሙያዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ለአውታረ መረብ የተጋለጡትን ጥቂት አገልግሎቶች ብቻ የሚያስር ፖሊሲ አዘጋጅተው ኤስኢሊኑክስን አብርተው ለቀቁት። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የላላ ነው። በሰርቨሮች ላይ ግን የመጀመሪያው አንድም ነገር አልጠበቀም፣ ጠፍቶ ነበርና፤ ሁለተኛው ዛሬ ድረስ ለቀጠለው ልማድ መሠረት ሆነ። ቆይቶ የመጣው የመንገዶች ነገርም ያው ነው። ፕሮግራሞች ጊዜያዊ መረጃቸውን የሚያኖሩበት «/ቫር/ረን» የሚባለው ፎልደር ወደ «/ረን» ሲዛወር፣ ለሁለቱም ስም ደንብ እጥፍ ከመጻፍ ይልቅ «ይህ ማለት ያ ነው» የሚል አንድ የእኩያ መስመር ተቀመጠ። ኋላም ደንቦቹ ራሳቸው ወደ አዲሱ ስም ተገለበጡ። በ2025 ፌዶራ 42 ለአስተዳዳሪና ለተራ ተጠቃሚ ተለይተው የነበሩትን ሁለት የፕሮግራም ፎልደሮች ሲያዋሕድም፣ ሁለት ቦታ የሚጻፈው ደንብ አንድ ቦታ እንዲጻፍ ዕድል ከፈተ። በእነዚህ የመንገድ ለውጦች አንድም ጥበቃ አልተነሳም፤ የቀረው ድግግሞሹ ነው።

የተራራው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ፓርኩ በ1969 በሕግ ሲቋቋም ስፋቱ 136 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ1978 ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ነገር ግን በካርታው ላይ የተሰመረው ወሰንና መሬት ላይ ያለው ኑሮ አልተገጣጠሙም፤ በወሰኑ ውስጥ የሚታረስ ማሳና መንደር ነበር፣ ከወሰኑ ውጭ ደግሞ ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት ገደልና ሜዳ። ደንቡ አንድ ነገር ሲል ኑሮው ሌላ ስለሆነ፣ ማክበሩም ማስከበሩም አስቸጋሪ ሆነ። በ1996 ቅርሱ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ወሰኑን እንደገና ማስመር ነበር፤ ጠርዝ ላይ ያሉ መንደሮች እንዲወጡ፣ የመሳረሪያና የሊማሊሞ አካባቢዎች እንዲሁም ወደ ራስ ዳሽን የሚወስደው ከፍታ እንዲገባ ተደረገ፤ የፓርኩ ስፋትም ወደ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አደገ። በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ውጤቱ የወሰኑ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም መሬቱን የሚመስል ወሰን ባይኖር ስካውቱ ምን እንደሚጠብቅ፣ ገበሬውም የት ማረስ እንደሚችል እርግጠኛ ሆኖ መናገር ይከብድ ነበር።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። «ልዩነትን ማጥፋት እንዴት ጥንቃቄ ይሆናል? ሁለት ዓይነት ፋይል አንድ መለያ ከተሰጠው አንዱን የሚነካ ሌላውንም ይነካል» ይላል። እውነቱን ነው፤ መልሱም ሁለት ዓይነት ማቅለል መኖሩን መለየት ነው። አንደኛው መለያዎችን መቀላቀል ነው። የድረ ገጹን ገጽና የድረ ገጹን ምዝግብ በአንድ ዓይነት ብንጠራ የሁለቱ ፈቃድ ይደመራል፤ ገጹን ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ፕሮግራም ምዝግቡንም ያነባል፣ ምዝግቡ ላይ የሚጽፈውም ገጹን ይጽፋል። ይህ በእርግጥ ማላላት ነው፤ ሊደረግ የሚገባውም ሁለቱን መለየት ማንንም የማይጠብቅ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ወደ መለያው የሚወስዱትን መንገዶች መቀነስ ነው። አንድ ፎልደርና በውስጡ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ከተያዘ፣ ልዩ የሆኑት ሁለት ሦስት ፋይሎች ብቻ ከሥር ከተዘረዘሩ፣ መለያዎቹም ፈቃዶቹም እንደነበሩ ናቸው። የቀረው ጠባቂው ማንበብ ያለበት ወረቀት ነው። ማቅለልን የሚፈሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን እያዩ ሁለተኛውን ይከለክላሉ።

ሌላው ተቃውሞ ከአፕአርሞር ወገን ይመጣል። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ይህ ጥበቃ በፋይል ላይ መለያ አይለጥፍም፤ ፕሮግራሙ የትኛውን መንገድ እንደሚነካ በቀጥታ ይጻፍለታል። «መለያን ለማቅለል ከመድከም ለምን መለያን አንተውም?» ይላሉ። ለማንበብ እንደሚቀል አልክድም። ዳሩ ግን መንገድ ስም ነው፤ አንድ ፋይል ደግሞ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። መለያ የተለጠፈበት ፋይል በየትኛውም ስም ቢጠራ ያው ፋይል ነው። ኤስኢሊኑክስ ስምን የሚጠይቀው መለያ ሲለጠፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ በመለያው ነው። ደንቦቹ ጥቂትና ግልጽ ከሆኑ ይህ መንገድ የአፕአርሞርን ተነባቢነት ከራሱ ጥንካሬ ጋር ያገናኛል። ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሦስተኛው ነው፦ ወሰን ሲቀል የሚከፍል ሰው አለ። በ2016 ግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አካባቢ ሰፍረዋል። በካርታ ላይ አንዲት መስመር የጠራችው፣ ማሳና ቤት የለቀቀ ሰው ስላለ ነው። ፋይል አያዝንም፤ ቢሆንም የፋይል ደንብ ሲለወጥም የድሮውን ተማምኖ ሥራውን ያቀና አስተዳዳሪ አለ፣ በማግስቱ ሰርቨሩ የሚቆምበትም። ስለዚህ ማቅለል በአንድ ሌሊት የሚወርድ ትእዛዝ ሊሆን አይገባም። የእኩያ መስመሩ ጥቅም ይህ ነው፤ አሮጌው ስም ለጊዜው እንዲሠራ እያደረገ አዲሱን ያስለምዳል።

ይህ ሁሉ የሰርቨር ሰዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ደባርቅ ገበያ ላይ በቴሌብር ሒሳብ የሚቀበለውን ነጋዴ ስልክ ይመልከት። አንድሮይድ ኤስኢሊኑክስን በ2013 አስገብቶ በ2014 ከወጣው ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ ያስከብረዋል። ነጋዴው ከመተግበሪያ ገበያ የሚያወርደው ፕሮግራም ሁሉ፣ ጨዋታ ሆነ የባንክ፣ በመሠረቱ «የማይታመን መተግበሪያ» በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ይገባል፤ ፋይሎቹም የመተግበሪያ ፋይል የሚል መለያ ያገኛሉ። በ2018 ከወጣው ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ደግሞ፣ ለእሱ የተሠራ እያንዳንዱ መተግበሪያ በመለያው አራተኛ ክፍል ላይ የራሱ ምልክት ስለሚጨመርበት አንዱ የሌላውን ፋይል አይነካም። ለሚሊዮን መተግበሪያ ሚሊዮን ደንብ አልተጻፈም። ነጋዴው ይህን ጥበቃ ሲያበራም ሲያጠፋም አይታይም፤ መኖሩንም አልሰማም። ሰርቨር ላይ ጥበቃው ሲያስቸግር «አጥፋው» የሚባለው፣ ስልክ ላይ ማንም የማያጠፋው፣ ነጋዴው ከሰርቨሩ አስተዳዳሪ ይልቅ ስለሚጠነቀቅ አይደለም። ለስልኩ ደንብ የጻፉት ሰዎች ነጋዴው ደንቡን እንዲያነብ የሚያስገድድ ምክንያት ስላልተዉለት ነው።