የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ አንድ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ፈታኞቹ አንድ ጥያቄ ሰጥተው «መልሱን የሚያወጣ ፕሮግራም እፊታችን ጻፍ» ይሉታል። በዚህ ጊዜ የተማረውን ሳያጣ፣ በመቸኮሉ ብቻ የሚወድቅ አለ።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። በመጀመሪያው ፈተናዬ «ከ100,000 ቁጥሮች መካከል ድምራቸው ይህን ያህል የሚሆኑትን ሁለት ቁጥሮች ፈልግ» ተባልሁ። እኔም ነገሩን ሳላመዛዝን እያንዳንዱን ቁጥር ከሌላው ሁሉ ጋር የሚደምር ፕሮግራም ጻፍሁ። ፈታኙ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ «ስንት ጥንድ ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ብናሰላው ወደ 5 ቢሊዮን ተጠጋ! ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ለመሆኑ ምን ማድረግ ይገባኝ ነበር? መልሱን ከመዝገብ ቤት እናገኘዋለን። ጎበዝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ ፋይል ሲጠየቅ ሺሁን ሁሉ አያገላብጥም፤ ቁጥሩን አይቶ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን በ1953 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐሳቡን ያቀረበው ሐሽ ቴብል የሚባለው ዘዴም አሠራሩ ይህን ይመስላል። እያንዳንዱን ቁጥር ስናነብ «ድምሩን የሚሞላው ጓደኛው ተመዝግቧልን?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከሌለ ቁጥሩን ራሱን እንመዘግባለን። 100,000ውን አንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃል። ዋጋው ግን ተጨማሪ ሜሞሪ ነው።

ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈው ቢሰጡንስ? ያን ጊዜ መዝገቡ አያስፈልግም። አንዱን ጣት በትንሹ፣ ሌላውን በትልቁ ቁጥር ላይ አድርጎ፣ ድምሩ ሲያንስ የመጀመሪያውን ወደ ላይ፣ ሲበዛ ሁለተኛውን ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው። እንዲሁም ከተሰለፈ 1,000,000 ቁጥር አንዱን ለማግኘት፣ መካከሉን እያዩ የማይሆነውን ግማሽ እየጣሉ ቢሄዱ ከ20 ጊዜ በላይ ማየት አያሻም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያውን የሚመርጠው ጥያቄው ራሱ መሆኑን ልብ በል። ብዛቱ ስንት ነው? ተሰልፏልን? ሜሞሪው ይበቃልን? ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም። እኔም በሁለተኛው ፈተናዬ አንዲት ፊደል ከመጻፌ በፊት እነዚህን ጠየቅሁ፤ ዛሬ በዚያው መሥሪያ ቤት እሠራለሁ።